ከኪስ የማይለይ ዕቃ፦ ለትንንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ላኪዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ጉዳዩም የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ከሰው መንደር ርቆ ተገዶ ቢያርፍ፣ ፈላጊ እስኪደርስለት ድረስ በሕይወት የሚያቆየውን ዕቃ እንዴት በኪሱ ሊይዝ ይችላል የሚለው ነው። ይህን ዓምድ የማዘጋጀው እኔም ለብዙ ዓመታት በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ስላበረርሁ ጉዳዩ ከልቤ የሚገባ ነውና፣ የዚህን ወር ገጾች በሙሉ ለእነዚህ አራት ደብዳቤዎች ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ በበረራ ትምህርት ላይ ያለሁ ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ልደታ ነው። በቅርቡ ብቻዬን ረጅም የአገር አቋራጭ በረራ እጀምራለሁ። አንድ የውጭ አገር የዕቃ ዝርዝር አግኝቼ ብቆጥረው የዓሣ መንጠቆና የጥንቸል ወጥመድ ሳይቀር ከአርባ በላይ ሆነብኝ። ሁሉንም ለመግዛት መርካቶ ወጥቼ ነበር፤ የገዛሁት ግማሹ እንኳ በኪስ ቀርቶ በቦርሳ አልገባም። ጓደኞቼ ደግሞ ከአውሮፕላኑ ጀርባ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ ስላለ በኪስ መያዝ ትርፍ ነው ይላሉ። ምን ልያዝ? ምንስ ልተው?

መልስ፦ የሚኖሩበት ልደታ፣ ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የከተማችን አውሮፕላኖች የሚነሡበትና የሚያርፉበት ሜዳ የነበረበት ሰፈር ነውና ጥያቄው ከዚያ መምጣቱ ደስ አሰኝቶኛል። ከጓደኞችዎ ሐሳብ እጀምራለሁ፤ ምን እንደሚያዝ ከመወሰን በፊት የት እንደሚያዝ መወሰን ይቀድማልና።

ከጀርባ ያለው ቦርሳ ጠቃሚ ነው፤ ይኑር። ነገር ግን የትንሽ አውሮፕላን ነዳጅ በአብዛኛው የሚቀመጠው በክንፎቹ ውስጥ ስለሆነ፣ ክንፉ ከዛፍ ወይም ከቋጥኝ ጋር ተጋጭቶ ከተቀደደ እሳት ሊነሣ ይችላል። በዚያን ጊዜ አብራሪው ቀበቶውን ፈትቶና በሩን ገፍቶ ለመውጣት የሚያገኘው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ ወደ ኋላ ዞሮ ቦርሳ ሊፈልግ አይችልም። እሳት ባይነሣ እንኳ የዕቃ ክፍሉ በር ሊጣመም፣ አውሮፕላኑ ሐይቅ ውስጥ ሊሰጥም፣ የአብራሪው ክንድ ሊሰበር ይችላል። ለእኛ አገር አብራሪ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር የሞተሩንም ጉልበት፣ የክንፉንም የማንሣት ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል፤ ጭነት ሲበዛ «ለዛሬ ይቅር» ተብሎ መጀመሪያ የሚወርደው ያ ቦርሳ መሆኑን ደጋግሜ በዓይኔ አይቻለሁ። በልብስዎ ኪስ ያለውን ግን ማንም አያወርደውም።

ይህን የምለው ከንባብ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት በቦረና ቆላ ላይ ስበር የሞተሩ የዘይት ግፊት ወርዶብኝ በአንድ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ለማረፍ ተገደድሁ። እኔና አብሮኝ የነበረው መካኒክ ከጭረት በቀር ምንም አልደረሰብንም፤ ይሁን እንጂ የፊቱ ጎማ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር የአውሮፕላኑ ገላ ተጣምሞ ኖሮ፣ ውሃውና ቦርሳው ያሉበት የዕቃ በር አልከፈት አለ። በኪሴ የነበረው የቤት ቁልፍ፣ መሐረብና እስክርቢቶ ብቻ ነበር። በሩን በድንጋይ ስንታገል ዋልን፤ በዚያ ሙቀት ያን ያህል ላብ ማፍሰሳችን ራሱ ትልቅ ስሕተት ነበር። አንድ አውሮፕላን ሁለት ጊዜ በላያችን አልፎ ሳያየን ሄደ። ያገኙን በማግሥቱ ጠዋት ግመል የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። መዳፍ የምታህል መስታወት በኪሴ ብትኖር ኖሮ የዚያን አውሮፕላን አብራሪ ዓይን እንደምስብ አልጠራጠርም።

እንግዲህ ዝርዝሩን በዕቃ ብዛት ሳይሆን፣ ሰውን ቀድሞ በሚገድለው ነገር ቅደም ተከተል ያስቡት። ከሁሉም የሚቀድመው የደም መፍሰስ ነው፤ እርሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ብርድና ሐሩር የሰዓታት፣ ጥም የቀናት ጉዳይ ናቸው። ረኃብ ግን ሳምንታት የሚወስድ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ መንጠቆውንና ወጥመዱን ያለ ጸጸት ይተዉአቸው። ያገኙት ዓይነት ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋጀው ደን፣ ሐይቅና በረዶ ለበዛባቸው ሰው አልባ አገሮች ነው፤ በእኛ አገር ምድረ በዳ በሚመስለው ቦታ እንኳ እረኛ አለ። ኪስዎ መሙላት ያለበት እስኪያገኙዎት ድረስ በሚያቆይዎትና እንዲታዩ በሚያደርግዎት ዕቃ ነው።

ለደም መፍሰስ፣ በእጅ ወይም በእግር ላይ ታስሮ ደም የሚያቆመውን ጠንካራ ማሰሪያ፣ ቱርኒኬት የሚባለውን፣ ያግኙ። ይህ ሌላው ዕቃ በሚያዝበት የኪስ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው፣ በየትኛውም እጅ በሚደረስበት ኪስ ይቀመጥ። ከቁስሉ በላይ፣ ከመገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ ተጠብቆ ይታሰራል፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል፤ ሐኪም እስኪያየው ድረስም እየላላ አይፈተሽም። የጫማ ክር ወይም ቀጭን ገመድ በእርሱ ቦታ አይተካም፤ ሥጋውን ይቆርጣል እንጂ በጥልቅ ያለውን የደም ሥር አያቆምም። ከእርሱ ጋር አንድ ጥቅል ፋሻ ይበቃል። አጠቃቀሙን ግን ከባለሙያ ፊት ቀርበው ይማሩ፤ በሥዕል የተማሩት ነገር እጅ ሲንቀጠቀጥ ይጠፋል።

ስለ ብርድና ሐሩር ስናስብ የእኛ አገር አብራሪ ከሌላው የተለየ ፈተና አለበት። በአንድ ቀን በረራ ውስጥ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሌሊት ውርጭ ከሚወርድበት የባሌው የሰነቴ አምባ ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ወዳለው ወደ ዳሎል አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ዕቃ ቢኖር ያ እንደ አልሙኒየም ወረቀት የሚያብረቀርቀው ስስ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ ነው፤ ሲታጠፍ ከመዳፍ አይበልጥም፣ ክብደቱም ከ100 ግራም በታች ነው። በደጋ ሰውነትን ይጠቀልሉበታል፤ ከሥር ግን ሣር ወይም የወንበር ስፖንጅ ያንጥፉ፤ ሙቀትን አብዝቶ የሚወስደው መሬቱ ነውና። በቆላ ደግሞ ከራስ በላይ ከፍ ተደርጎ፣ በሥሩ አየር እንዲያልፍ ሆኖ ሲወጠር ጥላ ይሆናል። አንዱ ገጹ ብርቱካናማ የሆነውን ዓይነት ካገኙ እርሱን ይምረጡ፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ምልክት ይሆናል። ጉዳቱ አንዴ ጫፉ ከተቀደደ መተርተሩ ነው፤ ለዚህም አንድ ሁለት ሜትር ናስትሮ በእርሳስ ላይ ጠቅልለው ይያዙ።

እሳት በደጋ ሕይወት ነው፤ በቆላም ቢሆን ጭሱ ይታያል። ላይተር ሲገዙ በአውራ ጣት የሚሽከረከር የብረት ጎማና የእሳት ድንጋይ ያለውን ይግዙ፤ ተጭነውት ብቻ የሚበራው ዓይነት በከፍተኛ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። ከእርሱ ጋር ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በትንሽ ፕላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ከምንም ይበልጣል፤ አንዷ የጥጥ እንክብል ለጥቂት ደቂቃ ስለምትነድ እርጥብ ጭራሮን እንኳ ታስይዛለች። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀለበት መልክ ቆርጠው ሣጥኑን ቢያስሩበት፣ ማሰሪያም ይሆናል፣ በዝናብ ጊዜም የማይጠፋ ማቀጣጠያ ይሆናል፤ የሚያወጣው ጥቁር ጭስም ከሩቅ ይታያል። እሳቱን ግን ነዳጅ ካፈሰሰ አውሮፕላን በጣም ርቀው ያንድዱ።

ውሃ በኪስ አይያዝም፤ ውሃ የሚያጣራ መድኃኒት ግን ይያዛል። በየቤታችን የምናውቀው ውሃ አጋር ፈሳሽ ስለሆነ ለኪስ አይመችም፤ በእሽግ የሚሸጠውን የክሎሪን እንክብል ይፈልጉ። እንክብሎቹ የተለያየ መጠን ላለው ውሃ ስለሚዘጋጁ አንዱ ለስንት ሊትር እንደሆነ በእሽጉ ላይ ያንብቡ፤ ከጨመሩ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። መቅጃ የሚሆን አንድ ሊትር የሚይዝ ጠንካራ ላስቲክ አጥፈው ይጨምሩ። ውሃ በማፍላት የሚያጠሩ ከሆነ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። ከየትኛውም መድኃኒት ቤት የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ደግሞ፣ ላብ ላሟጠጠው ሰው ከብስኩት የተሻለ ስንቅ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምወደው ዕቃ ደርሻለሁ፤ እርሱም መስታወት ነው። ባትሪ የለውም፣ አያረጅም፣ ፀሐይ እስካለች ድረስ ብልጭታው በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ላለ አብራሪ ይታያል። የብርጭቆ መስታወት በኪስ ውስጥ ስለሚሰበር የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም የማይሰበር ፕላስቲክ ይምረጡ፤ መሐሉ ላይ ለማነጣጠሪያ ቀዳዳ ያለው ከሆነ እጅግ መልካም ነው። ቀዳዳ ለሌለው ደግሞ ዘዴው እንዲህ ነው፦ አንድ እጅዎን ወደ አውሮፕላኑ ዘርግተው ጠቋሚና መካከለኛ ጣትዎን ይክፈቱ፤ አውሮፕላኑ በሁለቱ ጣቶች መካከል ይታይ። በሌላው እጅ መስታወቱን ከዓይንዎ አጠገብ ይዘው፣ የፀሐዩ ነጸብራቅ በሁለቱ ጣቶች ላይ እንዲያርፍ ካደረጉ በኋላ ቀስ ብለው ከጣት ወደ ጣት ያመላልሱት። በየመመላለሱ ብልጭታው አውሮፕላኑን ያገኘዋል። ይህን ከጓደኛዎ ጋር ጃን ሜዳ ላይ፣ እርሱ በአንድ ዳር እርስዎ በሌላው ሆነው፣ በአንድ ረፋድ ሊለማመዱት ይችላሉ፤ ነጸብራቁ ደረቱ ላይ ሲያርፍ እጁን ያነሣልዎታል። ዓይኑ ላይ አይሁን፤ ወደ ቦሌ በሚወርድ አውሮፕላን ወይም በሚያሽከረክር ሰው ላይ ግን ፈጽሞ አያነጣጥሩ።

ከመስታወቱ ጋር ፊሽካ ይኑር፤ ድምፅ ሲዘጋና ጉልበት ሲያልቅ ፊሽካ ይጮኻል። ስታዲየም ዙሪያ ባሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች የሚገኘው ውስጡ እንክብል የሌለው ፕላስቲክ ፊሽካ ከብረቱ ይሻላል፤ ብረት በውርጭ ከንፈር ላይ ይጣበቃልና። ሦስት ጊዜ፣ ጥቂት ዕረፍት፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይንፉ፤ ሦስት የሆነ ነገር ሁሉ፣ እሳትም ቢሆን፣ የድረሱልኝ ምልክት ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። ትንሽ ሰንጢ፣ የአውራ ጣት ያህል የምትሆን የእጅ ባትሪ፣ አምስት ሜትር የናይለን ገመድ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ናስትሮው የተጠቀለለበት እርሳስና ወረቀት ይበቃሉ። ኮምፓስ ቢጨምሩ አልቃወምም፤ ነገር ግን እንዲሄዱ እንዳያደፋፍርዎት እሰጋለሁ። ከእሳት ወይም ከጎርፍ ካልሸሹ በቀር ከአውሮፕላኑ አጠገብ አይራቁ፤ ከላይ ለሚፈልግ ሰው ከአንድ እግረኛ ይልቅ ክንፍ ይታያልና።

ሣጥኑን ምን አለሽ ተራ ካሉት ቆርቆሮ ሠሪዎች ዘንድ በልክዎ ማሠራት ይችላሉ፤ ክዳኑ ጥብቅ፣ ጠርዙ የተቆለመመ ይሁን። ቆርቆሮ ውሃ ይፈላበታል፣ አሸዋ ይቆፈርበታል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ብረት ስለሆነ ከአውሮፕላኑ ማግኔታዊ ኮምፓስ አጠገብ ቢያስቀምጡት አቅጣጫውን ያዛባዋል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ የምኖር የኪራይ በረራ አብራሪ ነኝ። የማበርረው አውሮፕላን በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የአደጋ ጥሪ አስተላላፊ፣ ማለትም ኢ.ኤል.ቲ.፣ ተገጥሞለታል። ስልክም በኪሴ አለ። ሳተላይት ባለበት ዘመን መስታወትና ፊሽካ መያዝ ወደ ኋላ መመለስ አይሆንም?

መልስ፦ ኢ.ኤል.ቲ. ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ እኔም ያለ እርሱ መብረርን አልመክርም። የመጣውም ከመራራ ትምህርት ነው። ጥቅምት 6 ቀን 1965 ዓ.ም. በአላስካ ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባላትን የያዘ ትንሽ አውሮፕላን ጠፍቶ ለ39 ቀናት ቢፈለግም እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በአሜሪካ መሣሪያው በአብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ግዴታ ሆኖ በሥራ የዋለውም ከዚያ በኋላ ነው። ኮስፓስ ሳርሳት የተባለው የሳተላይት ሥርዓት መጀመሪያ ያዳነውም በጳጉሜ 1974 ዓ.ም. በካናዳ የወደቀ የትንሽ አውሮፕላን ተሳፋሪዎችን ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ሦስት ድካሞች አሉት። ግጭቱ አንቴናውን ከቆረጠው፣ እሳት ካገኘው ወይም አውሮፕላኑ ተገልብጦ አንቴናውን ከተጫነው ጥሪው ላይወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ በ121.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሠራውን አሮጌ ዓይነት ሳተላይቶች ከጥር 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ አያዳምጡትም፤ የሚሰማው በአካባቢው የሚያልፍ አውሮፕላን ሬዲዮውን በዚያ ሞገድ ከከፈተ ብቻ ነው። የእርስዎ 406 መሆኑ መልካም ነው፤ መለያ ቁጥሩ በትክክለኛው ባለቤትና ስልክ መመዝገቡን ግን ራስዎ ያረጋግጡ። ሦስተኛ፣ የቦታ መጠቆሚያ አብሮት ከሌለ ሳተላይቱ የሚሰጠው ቦታ በኪሎ ሜትሮች ሊሳት ይችላል። በሜዳ ይህ ትንሽ ነው፤ በዓባይ በረሃ ገደሎች መካከል ግን አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ቀን ያስኬዳል።

ፍለጋ በአገራችን መልክዐ ምድር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በከተማችን ሰፈር በስሙ የሚጠራለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ፣ 16 ሰዎች የያዘች አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ከአዲስ አበባ በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ሲጓዝ፣ በክረምት ደመና ውስጥ አውሮፕላኗ ከተራራ ጋር ተጋጨች። የተረፈ ሰው አልነበረም፤ ስብርባሪዋ የተገኘውም ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። በዚያ ፍለጋ ላይ ብዙ አውሮፕላንና ብዙ ሰው ተሰማርቶ ነበር። እንዲህ ያለ ፍለጋ ለእያንዳንዱ ትንሽ አውሮፕላን ሊገኝ አይችልም፤ ስለዚህ በሕይወት የተረፈ አብራሪ የፈላጊውን ሥራ ከመሬት ሆኖ ማገዝ አለበት፤ መስታወት፣ ፊሽካና ጭስ ለዚህ ናቸው።

አቅም ካለዎት በኪስ የሚያዘውን የግል ጥሪ አስተላላፊ፣ ፒ.ኤል.ቢ. የሚባለውን፣ ቢይዙ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ከተበራ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይሠራል፣ ብዙዎቹም ቦታዎን በመቶ ሜትር ገደማ ልዩነት ያመለክታሉ። ነገር ግን በሳተላይት የሚሠራ መሣሪያ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ ሊጠየቁ ስለሚችሉ፣ ከመግዛትዎ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ስልክዎን በተመለከተ፣ ጥሪ እምቢ ባለበት ቦታ አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላል፤ መልእክቱን ጽፈው ከላኩ በኋላ አጥፍተው፣ በተወሰነ ሰዓት ብቻ እየከፈቱ ባትሪውን ይቆጥቡ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ኪስ አያሻውም፣ ጭንቅላት ውስጥ ይያዛል። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት መሬት ላይ የሚጻፉ ምልክቶች አሉ። እንደ «ሀ» ሆኖ ታቹ የሾለ፣ የላቲኑ ቪ፣ «እርዳታ እንፈልጋለን» ማለት ነው። እንደ ማባዣ ምልክት የተጣለ «የሕክምና እርዳታ እንፈልጋለን» ማለት ነው። ትተው ከሄዱ ደግሞ የሄዱበትን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ። ምልክቱ ቢያንስ 2.5 ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ ከመሬቱ ቀለም በሚለይ ነገር፣ በድንጋይ፣ በልብስ ወይም በተነቀለ ሣር ይሠራ። አውሮፕላኑ በቀን ክንፎቹን ግራና ቀኝ ካወዛወዘ መልእክትዎን አይቶታል።

ጥያቄ፦ ቤቴ አራት ኪሎ ነው። ልጄ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ጋምቤላና ወደ ሶማሌ ክልል ይመላለሳል። እኔ የአውሮፕላን ነገር አላውቅም፤ ግን በኪሱ ልጨምርለት የምችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ እናታችን፣ የእርስዎ ጥያቄ የአውሮፕላን ዕውቀት አይሻም፤ እንዲያውም አብራሪዎች የምንዘነጋውን ነገር ያነሡት እርስዎ ነዎት። ልጅዎ ቢወድቅ ቀድሞ የሚደርስለት ከሳተላይቱ ይልቅ እረኛው ወይም ገበሬው ሊሆን ይችላል። በገጠራችን ኡኡታ የሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ ነገር ግን ከሰማይ የወደቀ ዕንግዳ ሰው፣ ያውም የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ሊያስፈራም ይችላል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ፣ «አውሮፕላናችን ተበላሽቶ ወረደ፤ ሰላማዊ ሰዎች ነን፤ እባካችሁ ለፖሊስ ወይም ለጤና ጣቢያ ንገሩልን» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በኑዌርኛ ያስጽፉለት። አዲስ አበባ ላይ እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገር ሰው ማግኘት አያስቸግርም፤ አነባበቡንም ልጅዎ ከአፋቸው ሰምቶ ይማረው፤ የሚያገኘው ሰው ማንበብ የማይችል ሊሆን ይችላልና። ወረቀቱን በላስቲክ ያሽጉት፤ ከኋላው የደም ዓይነቱን፣ የማይስማማውን መድኃኒትና የቤተሰብ ስልክ ይጻፉበት። ጥቂት ብርም አብሮ ይጠቅለል፤ በስልክ የሚከፈል ገንዘብ ኔትወርክ በሌለበት ምንም አይደለም።

ዘወትር የሚወስደው መድኃኒት ካለ የሦስት ቀን ያህል ይጨምሩለት። ደግሞም በኪስ ባይገባም ጋቢ ይያዝ። ጥጥ እሳት ሲያገኘው እንደ ናይለን ቀልጦ ከቆዳ ጋር አይጣበቅም፤ ሌሊት ልብስ፣ ቀን ጥላ ይሆናል፤ ነጭነቱ በጥቁር መሬት ላይ ከሩቅ ይታያል። ከረጠበ ግን ብርድ ይጠራልና ዝናብ እንዳያገኘው ያድርግ። በእሳት ጊዜ ቀልጦ ከቆዳ ጋር እንዳይጣበቅ፣ ከሥር የሚለብሰው ካናቴራም ከጥጥ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ በእርስዎ እጅ ነው። ልጅዎ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍና ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ከመነሣቱ በፊት ይንገርዎትና ይጻፉት። የበረራ ዕቅድ ያስገባ አብራሪ በተባለው ሰዓት ካልደረሰ፣ በዓለም አቀፉ ደንብ የመጀመሪያው የጥርጣሬ ደረጃ የሚጀመረው 30 ደቂቃ ሲያልፍ ነው። መንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ለማንም ያልተናገረ አብራሪን ግን የት ብለው ይፈልጉታል? ስለዚህ መንገድ ከለወጠ በሬዲዮ እንዲያሳውቅ አደራ ይበሉት፤ ከእኛ ከመምህራኑ ምክር ይልቅ የእናት አደራ ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የምሠራ፣ በትርፍ ጊዜዬ የማበርር ሰው ነኝ። የኪስ ሣጥኔን ካዘጋጀሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን አልከፈትሁትም። የማስቀምጠው በሰደርያዬ የደረት ኪስ ነው። የሚስተካከል ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ሁለት ነገር ይስተካከል። መጀመሪያ ከደረትዎ ያውርዱት። ድንገት ሲቆም የትከሻ ቀበቶው ሰውነትዎን የሚይዘው በዚያ በኩል ነው፤ በቀበቶውና በጎድን አጥንት መካከል የገባ ቆርቆሮ አጥንት ይሰብራል። ቱታ የሚለብሱ ከሆነ በጭን የውጭ ጎን ወይም በባት ላይ ያለው ባለ ዚፕ ኪስ ይሻላል፤ ዚፕ ከሌለው ሣጥኑን በገመድ ከልብሱ ጋር ያስሩት። ፊሽካውን ግን ከሣጥኑ አውጥተው ከዚፑ ላይ ያንጠልጥሉት፤ ከፍርስራሽ ሥር የተያዘ ሰው ሣጥን መክፈት አይችልም።

ሁለተኛ፣ ዛሬውኑ ይክፈቱት። ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ የአየሩ ግፊት ከከፍታው ጋር ስለሚለዋወጥ፣ በአዲስ አበባ ታሽጎ የተዘጋ ላስቲክ ወደ ላይ ሲወጡ ይነፋል፣ ወደ ቆላ ሲወርዱ ይጨማደዳል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር ማሸጊያው ይላላል፣ እርጥበትም ይገባል። አውሮፕላኑ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲውል ደግሞ ናስትሮ ይቀልጣል፣ ተራ የባትሪ ድንጋይ ፈሳሹን ያወጣል፣ ላይተርም ጋዙን ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ሊቲየም የባትሪ ድንጋይ ይጠቀሙ፤ ሳያውቁት በርቶ እንዳያልቅም በድንጋዩና በብረቱ መካከል ትንሽ ወረቀት ያስገቡ። የመድኃኒቱንና የክሎሪኑን ማብቂያ ጊዜ ያንብቡ፤ የላይተሩን እሳት ይሞክሩ፤ የብርድ ልብሱን ማጠፊያዎች ይመልከቱ፤ ተላልጠው ከሆነ ይቀይሩት። እኔ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ለመስከረም ቤት ሲጸዳና በመጋቢት የበልግ ዝናብ ሳይጠነክር፣ ዕቃውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አያለሁ። ያኔ የወጣውን አሮጌ ጥጥና ላይተር ግቢ ውስጥ ለመለማመጃ ይጠቀሙበት፤ በአንድ እጅ ብቻ፣ ያውም በግራዎ፣ እሳት ማንደድ እስኪችሉ ድረስ ይሞክሩ።